ደቅ ደሴትና ከየብስ የሚያገናኘው የውኃ መንገድ

ደቅ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚገኙት ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ሲሆን፣ በእርሻ፣ በከብት እርባታና በዓሣ ማስገር የሚተዳደሩ በሺህ የሚቆጠሩ ዜጎች ይኖሩበታል። ደሴቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ ድልድይም ሆነ የመኪና መንገድ የለም። የደሴቱ ነዋሪ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ከተማ ገበያ ለመሄድ ሐይቁን መሻገር አለበት። በመሆኑም ለደቅ ነዋሪ የመንግሥት አገልግሎት ማግኘት ማለት አስቀድሞ ጀልባ ማግኘት፣ ነፋሱን ማወቅና ጊዜን ማስላት ማለት ነው።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ለደሴቱ ነዋሪዎች፣ በደሴቱ ለሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ወደ ደሴቱ ለሚጓዙ እንግዶች ነው። ደሴቱ ከየብስ ጋር ያለው ግንኙነት እንዴት እንደተመሠረተ፣ ምን ምን ነገሮች እንደሚያውኩት፣ እንዲሁም የትኛው አገልግሎት በደሴቱ ላይ እንደሚጠናቀቅና የትኛው መሻገርን እንደሚጠይቅ ያብራራል።

ደሴቱ የሚገኝበት ሥፍራ

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ እንደ ወቅቱ የሚለዋወጥ ቢሆንም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋና ዋናዎቹ ገባር ወንዞቹ ሲሆኑ፣ የዓባይ ወንዝ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ከሐይቁ ይወጣል። ሐይቁና አካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንደሚገኙ የሚነገር ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ገዳማት ያሉባቸው ወይም የነበሩባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከመነኮሳት በቀር ነዋሪ የሌላቸው ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ደቅ ከእነዚህ የሚለየው ገበሬ ከነቤተሰቡ የሚኖርበት፣ ልጆች የሚያድጉበትና የሚማሩበት፣ ማሳ የሚታረስበት ደሴት በመሆኑ ነው። ስፋቱ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሐይቁ ደቡባዊ አጋማሽ ይገኛል።

በደሴቱ ምዕራባዊ ዳርቻ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከደቅ አጠገብ ያለችው ዳጋ ደሴት ደግሞ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ከሌሎች ነገሥታት አፅም ጋር የተጠበቀበት የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መገኛ ናት። ነገሥታቱ አፅማቸው በደሴት እንዲያርፍ፣ ቅርሳ ቅርስም በደሴት እንዲጠበቅ ያደረጉት ውኃው ጠላትን ስለሚከላከል ነበር። ዛሬ ያ ውኃ የነዋሪውን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚወስን መተላለፊያ ሆኗል።

ከታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

ለብዙ ዘመናት በደሴቱና በየብስ መካከል የነበረው ግንኙነት በታንኳ ላይ የተመሠረተ ነበር። ታንኳ በሐይቁ ዳርቻ የሚበቅለውን ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። ታንኳ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ ይኖርበታል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ዛሬም ለዓሣ ማስገርና ለአጭር ርቀት ያገለግላል። ከደቅ እስከ ባሕር ዳር ላለው ሰፊ ውኃ ግን አስተማማኝ አይደለም።

በሞተር የሚንቀሳቀሱ መርከቦች በሐይቁ ላይ መሥራት የጀመሩት በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርስ ሳምንታዊ የመርከብ መስመር ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ጉዞው ሁለት ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ መርከቡ ሌሊቱን ቁንዝላ ያድር ነበር። ይህ መስመር እህል፣ ቡና፣ ፍየልና በግ፣ እንዲሁም ሰው በአንድነት የሚጓጓዝበት ስለነበር ለደሴቱ እንደ አውቶቡስም እንደ ጭነት መኪናም ሆኖ ኖሯል።

ጣና ከባሕር ጋር የሚያገናኝ የመርከብ መተላለፊያ የለውም። ስለዚህ ትልቅ መርከብ ወይም ጀልባ ወደ ሐይቁ የሚገባው በየብስ ተጓጉዞ ወይም በዳርቻው ተገጣጥሞ ነው። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተሰኘችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ተራራና ሸለቆ አቋርጣ ባሕር ዳር የደረሰችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከትልልቆቹ ጀልባዎች በተጨማሪ በግልና በማኅበር የተያዙ አነስተኛ የሞተር ጀልባዎች በሐይቁ ላይ ይሠራሉ። በእነዚህ ጀልባዎች ከባሕር ዳር እስከ ደቅ ያለው ጉዞ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ አየሩ ሁኔታ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የሐይቁ ከፍታና የመንገዱ መዘጋት

የአስፋልት መንገድ ሲቆረጥ በዓይን ይታያል። የውኃ መንገድ ግን ውኃው እያለ ሊዘጋ ይችላል። ሐይቁ ጥልቅ ባለመሆኑ የውኃው መጠን ጥቂት ዝቅ ሲል ዳርቻው ይሸሻል፣ መርከቦችም ወደ ማቆሚያቸው መጠጋት ያቅታቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሐይቁ ከፍታ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ከፍተኛው በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቅተኛው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ይታያል።

በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በሚለቀቀው ውኃ መጠንም የሚወሰን ሆኗል። የዚህ ውሳኔ ክብደት በ1995 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት የዝናብ እጥረት ከማመንጫዎቹ የውኃ ፍላጎት ጋር ተደርቦ ሐይቁ በሰኔ ወር በመዝገብ ከተያዘው ሁሉ ዝቅተኛ ወደሆነው ከፍታ ወረደ። መርከቦች ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ከፍታ 1,785 ሜትር ሲሆን፣ ሐይቁ ከዚህ በታች በመሆኑ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋርጧል። የደንገል ሥፍራዎችም ደርቀዋል፤ የታንኳ መሥሪያውም አብሮ ተመናምኗል።

በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ከሐይቁ የሚወሰደው ውኃ በዋሻ አማካይነት ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ጀምሯል። ኤሌክትሪክ ለአገር ልማት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም ከሐይቁ የሚለቀቀው እያንዳንዱ የውኃ መጠን የደቅ ነዋሪ የሚሻገርበት መንገድ አካል መሆኑ በዕቅድ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል። የደሴቱ ነዋሪዎችም በሐይቁ አስተዳደር ጉዳይ በሚደረጉ የሕዝብ ምክክሮች ላይ በቀበሌያቸው በኩል ተገኝተው ይህንን ማስረዳት መብታቸው ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የእምቦጭ አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መስፋፋቱ የታወቀው ይህ አረም በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች በርትቶ ታይቷል። በነፋስ እየተገፋ ቦታ ስለሚቀይር ትናንት ክፍት የነበረ የጀልባ ማረፊያ ዛሬ ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። የሞተር መዘውር በአረሙ ከተጠመደ ጀልባው በመካከል ይቆማል። ስለሆነም አዲስ የእምቦጭ ክምችት ያየ ዓሣ አስጋሪ ወይም ጀልባ ነጂ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወዲያው ማሳወቅ ይኖርበታል።

በደሴቱ ላይ ሊጠናቀቁ የሚችሉ አገልግሎቶች

ብዙ ነዋሪዎች ከቀበሌያቸው ሊያገኙት የሚችሉትን አገልግሎት ፍለጋ ወደ ከተማ ይሻገራሉ። ይህም የጀልባ ዋጋና የሥራ ቀን ያባክናል። ከመጓዝዎ በፊት የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፦ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡት በቀበሌ ደረጃ ነው። ልደት በተፈጸመ በ90 ቀናት ውስጥ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ዘግይቶ የሚቀርብ ምዝገባ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅና ባለጉዳዩን ወደ ወረዳ ሊያመላልስ ስለሚችል፣ ጊዜውን መጠበቅ ለደሴት ነዋሪ ከማንም በላይ ይጠቅማል። ሕፃኑ በጤና ተቋም የተወለደ ከሆነ የተቋሙን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳይቀበሉ አይመለሱ፤ ለዚህ ወረቀት ብቻ ተብሎ እንደገና መሻገር ከባድ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት፦ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የነፍሰ ጡር ክትትልና የተለመዱ የሕፃናት ሕመሞች ሕክምና በቀበሌ ደረጃ በጤና ኬላ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፦ የአባልነት ምዝገባና እድሳት በቀበሌ በኩል ይከናወናል። አባል የሆነ ሰው ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሲሻገር ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ወጪውን ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል።

መሻገርን የሚጠይቁ አገልግሎቶች

ፋይዳ የዲጂታል መታወቂያ፦ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ስለሚወስድ ተመዝጋቢው በአካል መገኘት አለበት፤ ሌላ ሰው ሊወክለው አይችልም። የመዝጋቢ ቡድን ወደ ደሴቱ የሚመጣበት ቀን መኖሩን ከቀበሌው ይጠይቁ። ከሌለ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማ በሚሻገሩበት ቀን መታወቂያዎን ወይም የልደት የምስክር ወረቀትዎን ይዘው በመሄድ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ጉዞ ይፈጽሙ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፦ ፈተናው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገኝተው እንዲወስዱት መደረግ ከጀመረ ወዲህ የደሴት ተማሪ ከፈተናው ቀደም ብሎ መሻገር የግድ ይለዋል። የክረምት መግቢያ ላይ ነፋስና ወጀብ ስለሚበዛ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከመግቢያው ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ የብስ እንዲደርስ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ሕክምናና ወሊድ፦ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካልተደረገለት በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የእናትን ሕይወት ሊነጥቅ ይችላል። ከደቅ እስከ ባሕር ዳር ያለው የጀልባ ጉዞ ደግሞ ብቻውን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ጀልባ መፈለጉ፣ ነዳጅ መሙላቱና ከወደቡ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ በዚህ ላይ ይጨመራል። ይህ ስሌት አንድ ነገር ያስተምራል፤ ለደሴት እናት አደጋው ከደረሰ በኋላ መሻገር መፍትሔ ሊሆን አይችልም፣ መፍትሔው አስቀድሞ መሻገር ነው።

ስለሆነም የደሴቱ ነፍሰ ጡሮችና ቤተሰቦቻቸው የሚከተለውን እንዲፈጽሙ ይመከራሉ።

• የእርግዝና ክትትልን ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በጤና ኬላ መከታተልና የመውለጃ ጊዜን ማወቅ።

• የመውለጃው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ የብስ ተሻግሮ በጤና ጣቢያ በሚገኝ የእናቶች ማቆያ ቤት መቆየት። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው።

• የሚጓዙበትን ጀልባ፣ አብሮ የሚሄደውን ሰውና በቤት የሚቀሩትን ልጆች የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ መወሰን።

• ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውኃ ያለጊዜው መፍሰስ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ የምጥ ቀን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ መሻገር።

ሕመምተኛ ሲሻገር ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ለሚሄዱበት ጤና ተቋም በስልክ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አምቡላንስ ሐይቁን አይሻገርም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከተነገረው ወደቡ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ሲደውሉ የሚደርሱበትን የጀልባ ማረፊያና የሚደርሱበትን ሰዓት ለይተው ይናገሩ።

የጉዞ ደህንነት

የአገር ውስጥ የውኃ ላይ ትራንስፖርትን ደህንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየማረፊያው በየሰዓቱ ሊገኝ ስለማይችል ተሳፋሪው ራሱ ማስተዋል ይገባዋል።

ጠዋት ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ይነሣል። ሐይቁ ጥልቅ ባለመሆኑ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ አነስተኛ ጀልባን በኃይል ያናውጣል። ስለዚህ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መነሣት ይመረጣል። የከተማ ጉዳይዎ ከቀትር በፊት የማያልቅ ከመሰለዎት የማደሪያ ወጪ ይዘው ይሂዱ። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ላለመክፈል ሲባል በማዕበል ወይም በጨለማ መጓዝ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመሳፈርዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ፦ ጀልባው ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት አለውን? ለሕፃናት የሚሆን መጠን ይገኛልን? ጭነቱ የጀልባውን ጠርዝ ወደ ውኃው አቅርቦታልን? መለዋወጫ መቅዘፊያ፣ ውኃ መቅጃና በቂ ነዳጅ ተይዟልን? ከመልሶቹ አንዱ አጥጋቢ ካልሆነ አለመሳፈር መብትዎ ነው። እህልና ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጀልባ ከልክ በላይ መጫን የተለመደ ቢሆንም ተቀባይነት የለውም። ከብት ሲደናገጥ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ጀልባን ሊገለብጥ ይችላል።

ጀልባ ነጂዎች የተሳፋሪዎችን ስምና ቁጥር በመነሻው ላይ ለሚቀር ሰው ሰጥተው እንዲሄዱ ይመከራል። ጀልባው በሰዓቱ ካልደረሰ ፍለጋው ቶሎ የሚጀመረው መነሣቱን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ለጎብኚዎችና ለተመዳቢ ሠራተኞች

ናርጋ ሥላሴን ሴቶችም ወንዶችም መጎብኘት ይችላሉ። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴቶች አይገቡም። ጎብኚዎች የደርሶ መልስ ጉዞው አብዛኛውን ቀን እንደሚወስድ አውቀው ማልደው እንዲነሡና ከጀልባው ባለቤት ጋር የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው እንዲስማሙ ይመከራሉ።

በደሴቱ የሚመደቡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ሠራተኞች መድኃኒት፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ መጻሕፍትና የመሥሪያ ቤት ቅጾች በአንድ ጉዞ ተጠቃለው እንዲመጡ ቢያቅዱ የተገልጋዩን እንግልት ይቀንሳሉ። በደሴቱ ላይ ያለቀ አንድ ቅጽ ወይም ማኅተም የሌለው አንድ ወረቀት ለነዋሪው ሙሉ የአንድ ቀን ጉዞ እንደሚያስከፍለው ዘወትር ሊታወስ ይገባል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ከደሴቱ የመጣን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ከማለታቸው በፊት፣ ጀልባው የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቀው በዕለቱ እንዲያስተናግዱት ይጠበቃል።

በኢትዮጵያ በደሴት የሚኖሩት የደቅ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ማኅበረሰብ፣ በዓባያ ሐይቅም የጊዲቾ ደሴት ነዋሪዎች ተመሳሳይ ሕይወት ይመራሉ። ከላይ የቀረቡት ምክሮች ለእነርሱም የሚያገለግሉ ናቸው።

የጉዞ መርሐ ግብር እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው ከጀልባ ማረፊያው ወይም ከቀበሌዎ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ቅሬታ ያለዎት ተገልጋይ ቅሬታዎን በጽሑፍ ወይም በቃል ለቀበሌው፣ እዚያ ካልተፈታም ለወረዳው የቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ ይችላሉ። ቅሬታውን ሲያቀርቡ የጉዞውን ቀን፣ የሄዱበትን ጉዳይና ያልተፈጸመበትን ምክንያት ለይተው ይግለጹ።